የአፓ ራሂማ የሩዝ ቂጣ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን በወጣትነቴ ብናገር ያሳፍረኝ ነበር፤ አሁን ሰባን ተሻግሬ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ ምን ያሳፍረኛል? ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እናቴ ግን የፍርሃቴን ጥቅም ሳታይ ነው ያለፈችው። በረዶ ላይ መንሸራተት እፈራለሁ። ሊፍት ውስጥ መቅረት እፈራለሁ። ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን በበር ስንጥቅ የሚገባ ደብዳቤ ነው። እዚህ አገር ፖስተኛ በር አያንኳኳም፤ በሩ ላይ ያለችውን የብረት ክዳን ገፋ አድርጎ ወረቀቱን ወደ ውስጥ ይለቀዋል፣ ወረቀቱም ኮሪደሩ ወለል ላይ ጠፍ ይላል። ያ ድምፅ ዛሬም፣ የድንች ዋጋ ቀነሰ የሚል ማስታወቂያ እንኳ ቢሆን፣ ልቤን ስንጥቅ ያደርገዋል። ልጄ ትስቅብኛለች። "ማማ፣ ሬክላም እኮ ነው!" ትለኛለች። እሷ ምን ታውቃለች፤ የተወለደችው ደብዳቤው ከመጣ በኋላ ነው።

ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ናስሪን ደወለችልኝ። ናስሪን የአፓ ራሂማ ልጅ ናት። አፓ ራሂማ ደግሞ ስቶክሆልም ዳር ባለው ሰፈራችን ሁስቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በሯ ከበሬ ትይዩ የነበረች የባንግላዴሽ ሴት ናት። "አፓ" በነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ በሰባት ዓመት ስለምትበልጠኝ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እንደዚያ ነው የምጠራት። አሁን ሶለንቱና ያለ የአረጋውያን መኖሪያ ገብታለች። ስዊድንኛው ቀስ በቀስ ከአፏ ረግፎ አልቋል፤ የምታወራው በቤንጋሊ ብቻ ነው፣ እሱንም ስትፈልግ። ናስሪን የምትሠራው ከስቶክሆልም ውጭ ስለሆነ የምትመጣው ቅዳሜና እሑድ ነው። አክስት ለማለት ታንት ትለኛለች። የዚያን ቀን ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰለኝ።

"ታንት አስካለ፣ እማዬ መብላት አቁማለች። ሌሊት ሲያገላብጧት ትንሽ ውሃና ሁለት ማንኪያ እርጎ ትወስዳለች። ቀን ግን ጥርሷን ትነክሳለች።"

"ረመዳን መስሏት እንዳይሆን?"

"ጠየቅኳት። ረመዳን አለፈ እኮ እማ አልኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሐኪሙ በዚህ ከቀጠለች ብዙ አትቆይም ብሏል።" ቀጥላም "ያንን የሩዝ ሩቲ፣ ቂጣውን፣ ትሠሪላት? እኔ አልችልበትም፤ ሁልጊዜ ከሱቅ በረዶ የሆነውን ነው የምገዛው። የእሷን እጅ የምታውቂው አንቺ ነሽ" አለችኝ።

እሺ አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። እሺ ያልኩት ላልችለው ነገር መሰለኝ። ዓይኔ ደክሟል፣ እጄ ደክሟል፣ ሩቲ ከጋገርኩ ደግሞ ስንት ዓመቴ። ብጋግርስ ባትበላው? በልታውስ አንቆ ቢገድላት? ሆኖም ከጓዳ የሩዝ ዱቄቱን አውጥቼ ውሃ ጣድኩ። ውሃው ሲንተከተክ ጨው ጣል አደረግሁበትና ዱቄቱን በአንድ ጊዜ ዘረገፍኩት። ያ ሽታ ወጣ። እንደ ገንፎም እንደ አጥሚትም ያልሆነ፣ ትንሽ ጣፈጥ የሚል፣ የእርጥብ ሩዝ ሽታ። ክዳኑን ከድኜ ምድጃው አጠገብ ቆምኩ፤ ቆሜም በሐሳብ ወደ ድሮው ሄድኩ።

ዓመተ ምሕረቱን ልጥቀስ ብል እሳሳታለሁ። ብቻ የልብሱ ሁሉ ትከሻ በስፖንጅ ያበጠበት፣ ስልክ ለመደወል ካርድ ገዝተን በመስታወት ሳጥን ውስጥ የምንቆምበት ዘመን ነበር። ሁለተኛ እጅ ሱቅ በሃያ አምስት ክሮኑር የገዛሁት ቡናማ ካፖርት ነበረኝ፤ የወንድ ነው፣ ቁልፉ በተቃራኒው ነው፣ ግን እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይደርሳል፤ ስፈራ አንገቴን ወደ ውስጥ እከተው ነበር። የምኖረው አንዲት የአገሬ ልጅ ቤት በአንዲት ክፍል ነበር። እሷ ጠዋት ካሴቷን ከፍ አድርጋ ከፍታ፣ ከዘፈኑ ጋር እያንጎራጎረች ጫማዋን ታስራለች፤ ከዚያ ካሴቱን ጠቅ አድርጋ ዘግታ ወደ ሥራ ትሄዳለች። ያ "ጠቅ" ከተሰማ በኋላ ቤቱ ውስጥ የምንቀረው እኔና በሩ ነን። የመኖሪያ ፈቃዴ መልስ በደብዳቤ ነው የሚመጣው ተብያለሁ። ወይ ኑሪ ይላል፣ ወይ ተመለሺ ይላል። መመለስ ምን ማለት እንደነበር አሁን አልዘረዝርም፤ ያኔ ግን እያንዳንዱን ነገር አውቀው ነበር። ፖስተኛው ከቀትር በፊት ይመጣል። ከታችኛው ፎቅ ጀምሮ ክዳኖቹ ሲንኳኩ እሰማለሁ፤ አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧ እከፍታለሁ፣ እንዳልሰማ። ከዚያ ሽንቴ እየመጣ፣ ላብ እያጠመቀኝ፣ ወለሉ ላይ የወደቀውን ለማየት በእግሬ ጣት እወጣለሁ። ባዶ ከሆነ ለአንድ ቀን ነፍሴ ትመለሳለች። ምግብ የሚባል ነገር ግን ወደ አፌ አልደርስ አለ።

አፓ ራሂማን ያገኘኋት ምድር ቤት፣ ትቬትስቱጋ ውስጥ ነው። የሕንፃው ሰው ሁሉ በተራ ልብሱን የሚያጥብበት ክፍል ነው። እኔ ተራ የያዝኩ መስሎኝ በሰው ተራ ገብቻለሁ። አንዲት ቀጭን ሴት፣ ሳሪዋን ለብሳ በላዩ የወንድ ጃኬት ደርባ፣ እግሯን ትልቅ የበረዶ ቦት ውስጥ ከታ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ እንደማደርገው ሁሉ ስዊድንኛዋን እየሰበረች "ተራዬ ነው" አለችኝ። ደንግጬ ርጥቡን ልብስ ከማሽኑ እያወጣሁ መሬት ላይ መጣል ጀመርኩ። እጄን ያዘችኝ። ልብሱን አላየችም፤ የምታየው አንጓዬን ነው፣ አጥንት ብቻ ነበር። "በልተሻል?" አለችኝ።

ሦስት ጊዜ ለምሳ ጠራችኝ፣ ሦስት ጊዜም ሰበብ ፈጠርኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ሥጋ ፈርቼ ነው። እኛ አገር ክርስቲያንና እስላም በሐዘን ይደራረሳል፣ በሠርግ ይጠራራል፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ያሳድጋል፣ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም የየራሱን ቢላዋ ያያል። በዚያ ላይ የገና ጾም ገብቷል። ስቶክሆልም ድረስ መጥቼ፣ ነገ የት እንደምሆን ሳላውቅ፣ እግዜርን ማስቀየም ደግሞ አልፈልግም። በአራተኛው ጊዜ በተሰበረ ቋንቋዬ ነገርኳት፤ ሥጋ አልበላም፣ ወተት አልበላም፣ ቅቤ አልበላም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልጠጣም። ትቆጣለች ብዬ አንገቴን ካፖርቱ ውስጥ ከተትኩ። በማግስቱ ግን ወደ ወጥ ቤቷ ስባ አስገባችኝና ጠረጴዛው ላይ የደረደረችውን አሳየችኝ። የሩዝ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨው። በጣቷ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ቆጠረችልኝ። ሌላ ነገር የለም ማለቷ ነበር።

ቂጣ መጋገር ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም ብዬ ነበር። ሆኖም ሩዝ ጤፍም ስንዴም አይደለም፤ አይያያዝም። በቀዝቃዛ ውሃ ካቦካሽው አሸዋ ነው። የፈላ ውሃ ላይ ዱቄቱን ደፍተሽ፣ ከድነሽ በእንፋሎቱ ካበሰልሽው በኋላ፣ ገና እጅ እያቃጠለ ነው የሚታሸው። ፈራ ተባ ካልሽ ዳር ዳሩ ይሰነጠቃል። እኔ ጣቴን አስጠግቼ እመልሳለሁ። አፓ መዳፏን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከር አደረገችና የእኔን እጅ ከእሷ እጅ በታች አድርጋ ሊጡ ላይ ተጫነችው። ጮህኩ። እሷ አልለቀቀችም። እስክንጨርስ ድረስ አልለቀቀችም፤ ሊጡም እንደ ሕፃን ጉንጭ ለሰለሰ። መዳመጫ ስላልነበራት በባዶ የጭማቂ ጠርሙስ ዳመጠችው፤ ደረቅ መጥበሻ ላይ ጣለችው፣ አረፋ ሲያወጣ ገለበጠችው፣ በጨርቅ ዳር ዳሩን ጫን ስትለው በእንፋሎት ተነፋ። የጋገረችውን ሁሉ እየደራረበች በፎጣ ጠቀለለችው፣ እንዳይደርቅ። ያንን በምስር በላሁ። ስንት ሳምንት የተዘጋ ጉሮሮዬ ተከፈተ። እያለቀስኩ በላሁ፤ አያሳፍረኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ እሄድ ነበር። አንድ ቀን እንደውም ላስደስታት ብዬ እኔው በቤቴ ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ፣ ሙቀት እንዲያገኝ ማሞቂያው ላይ አስቀምጬ፣ ዓይን እስኪያወጣ ሦስት ቀን ጠበቅሁ። የአበሻ ልጅ ሊጥ ካላቦካች ምኑን ጋገረች! አፓ ክዳኑን ከፍታ ስታሸትተው መጀመሪያ የሞተ ነገር መሰላት። ነገሩ ሲገባት ግን ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እስክታለቅስ ሳቀች፤ እኔም እዚህ አገር ከገባሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ደብዳቤውን ለአንድ ቀን የረሳሁት ያኔ ብቻ ነው።

ስለ ደብዳቤው የነገርኳት ከዚያ በኋላ ነበር። ብሬቭ አልኳት፤ ብሬቭ በስዊድንኛ ደብዳቤ ነው። ብዙ ማብራራት አላስፈለገም፤ እሷም በዚያ መንገድ አልፋለች። አሰብ አድርጋ "እኔም ልጹም" አለች። "ብሬቭሽ እስኪመጣ በየቀኑ እጾማለሁ። ለአላህ ተስያለሁ።" ደነገጥኩ። ስለት የሚባለውን ነገር አውቀዋለሁ፤ በስለት አይቀለድም። ተይ አልኳት። "የዚህ አገር የብርድ ወራት ቀን ምን ቁም ነገር አለው!" ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው፣ ጀንበሯ የምትጠልቀው በእኛ ሰዓት ዘጠኝ ላይ ነው፤ እኔም ጾሜን የምፈታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ። እስላሟና ክርስቲያኗ በአንድ ደቂቃ ነበር የምናፈጥረው። መስኮቱ አጠገብ ቆመን፣ ማዶ ባለው የኪስታ ሰፈር ሕንፃ መስታወት ላይ የቀረችው ብርሃን እስክትጠፋ እንጠብቃለን። ስትጠፋ ከፎጣው ውስጥ ለስላሳ ሩቲ ታወጣለች፤ እኔ አጎርሳታለሁ፣ እሷ ታጎርሰኛለች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ስላስተማርኳት ሁልጊዜ ሁለተኛውን አፌ ውስጥ ሳትጨምር አትቀመጥም። አንድ ነገር ብቻ አስማለችኝ። "ብሬቩ ሲመጣ መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ። በዚያች ደቂቃ፣ ጀንበር ብትኖርም እበላለሁ።" እሺ አልኳት። በማርያም ማልኩ።

ገና አለፈ፣ እኔ ፈሰክሁ፣ እሷ ቀጠለች። ቀኑ እየረዘመ መጣ፣ እሷ ቀጠለች። አንድ ሐሙስ ቀን፣ እኔ መታጠቢያ ቤት ቧንቧ ከፍቼ ቆሜ ሳለሁ፣ ደብዳቤው መጣ። ኑሪ ይላል። ያነበበችልኝ ያቺ ያስጠጋችኝ የአገሬ ልጅ ነበረች፤ ከሥራ ስትገባ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ አገኘችኝ። እልል አለች፤ ካፖርቴን ራሷ አለበሰችኝና አልቢ፣ የአገራችን ሰዎች ወደሚበዙበት ይዛኝ ሄደች። አበሻው ሁሉ ተጠራ። ሦስት ቀን በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ዘፈንኩ፣ ተኛሁ። እሑድ ጀንበር ሳትጠልቅ ሁስቢ ደርሼ ደረጃውን ስወጣ ነው መሐላዬ ትዝ ብሎኝ ክው ያልኩት። በሯን ሳላንኳኳ ከፈተችው። ከንፈሯ ደርቋል።

"ብሬቭ?" አለችኝ።

"መጥቷል።"

"መቼ?"

ልዋሻት ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። "ሐሙስ" አልኳት። ወደ ወጥ ቤት ገባችና ውሃ ጣደች። ከዚያ ወዲህ በነበሩን ዓመታት ሁሉ፣ ልጆች ወልደን፣ ልጆቻችን አንድ ደረጃ ላይ አድገው፣ ያንን ቀን አንድም ጊዜ አላነሳችብኝም። ባነሳችብኝ ይሻል ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ እያሰብኩ ነው ባለፈው ሶለንቱና የሄድኩት። ሩቲዬ በፎጣ ተጠቅልሎ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ሊጥ ተሰነጣጥቆብኛል፤ ጣቴን ፈርቼ። ሁለተኛውን ጥርሴን ነክሼ አሸሁት። አውቶቡሱ ውስጥ ቦርሳውን እንደ ሕፃን አቅፌ፣ ሰው ሁሉ የሚያየኝ እየመሰለኝ ደረስኩ። በር የከፈተችልኝ ሜሮን ናት፤ እዚያ የምትሠራ የኛው ልጅ፣ ጴንጤ፣ ሰው አክባሪ።

"እትዬ አስካለ፣ ይግቡ ይግቡ።"

"እንዴት ናት?"

"እንዳለች ናት። ምሳም አልቀመሰችም። ብቻ..." ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሹክሼተርስካዋ፣ ነርሷ፣ የተፈጨ ፑሬ ብቻ ነው የተፈቀደላት ብላ ነበር። ናስሪን ስለለመነቻት ነው ይሄን እሺ ያለችው። የጥፍር ያህል ቆርሰው፣ ወተት ውስጥ አርሰው ይስጧት። ካሳላት እንዳይደነግጡ፣ ቶሎ ይጥሩኝ። በሩ ላይ ነኝ።"

"እንዳይደነግጡ" አለችኝ፤ ለማን እንደምትናገር አላወቀችም።

አፓ ራሂማ ወንበሯ ላይ ወደ መስኮቱ ዞራ ተቀምጣለች። ያቺ ሊጡ ላይ የተጫነችኝ እጅ እንጨት ሆናለች። ፎጣውን ስፈታ ሽታው ወጣ፤ አፍንጫዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቆርሼ፣ አርሼ ወደ አፏ አስጠጋሁ። ፊቷን አዞረች። ወደ መስኮቱ። ሌላ ቆረስኩ። አሁንም ወደ መስኮቱ። ምን ታያለች ብዬ እኔም ዞርኩ። ምንም የለም። ዛፍ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የሰኔ ጀንበር። በዚህ አገር በሰኔ ጀንበር የምትጠልቀው ሰው ሁሉ ተኝቶ፣ ወጥ ቤቱ ሁሉ ተዘግቶ ነው።

ያኔ ገባኝ። እየጾመች ነው። ቀን ቀን እየጾመች፣ ሌሊት በውሃና በእርጎ እያፈጠረች ነው፣ ይህን ደግሞ የሚያውቅ ሰው የለም። ተነስቼ መጋረጃውን እስከ ታች ሳብኩት። ክፍሉ ጨለም አለ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ፤ እሷ ግን ከመጋረጃው ዳር ሾልኮ ግድግዳው ላይ ያረፈውን ቀጭን ብርሃን እያየች አፏን አልከፈተችም። ማንን ላታልል ኖሯል! ተስፋ ቆርጬ ሜሮንን ልጠራ ስል ክንዴን ያዘችኝ። አየችኝ። ለስንት ወር እንደ ግድግዳ ስታየኝ የነበረች ሴት በትክክል አየችኝ። ድንጋጤ ፊቷ ላይ ነበር፣ የእሷ ሳይሆን የእኔው የያኔው ድንጋጤ።

"ብሬቭ?" አለችኝ።

ያቺ ቃል ብቻ ቀርታታለች። ያ ሁሉ ስዊድንኛ ሲረግፍ ያቺ አልረገፈችም። እነዚያን ሦስት ቀኖች እየኖረች ነበር፤ እኔ አልቢ ስዘፍን እሷ በሯ ጀርባ ቆማ የጠበቀችባቸውን። ምን እንደምል ብዙ አላሰብኩም።

"መጥቷል አፓ" አልኳት። "ኑሪ ይላል። አሁን ነው የመጣው፣ አሁን፣ በዚች ደቂቃ። ለማንም አልነገርኩም። መጀመሪያ ላንቺ ነው የነገርኩሽ።"

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ አፏን ከፈተች።

የጎረሰችውን ስታላምጥ ትንፋሼን ይዤ አንገቷን ብቻ ነበር የማየው። ዋጠች። አላሳላትም። ከሩቲው ላይ በጣቶቿ ቆረሰችና ወደ አፌ አመጣች፤ ጎረስኩ። ሁለተኛውን ልትቆርስ እጇን መለሰች። ሜሮን በሩ ላይ ቆማ እንባዋን ስትጠርግ እኔ ገና እየፈራሁ ነበር።

ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኔ ነው። በየቀኑ እሄዳለሁ፣ በየቀኑ "ብሬቭ?" ትለኛለች፤ የትናንቱን ረስታዋለች። በየቀኑም አሁን መጣ እላታለሁ፣ መጀመሪያ ላንቺ ነው የነገርኩሽ እላታለሁ፣ ከዚያ ትበላለች። ሐኪሙ አንድ ኪሎ ጨምራለች ብሏል። ናስሪን አመሰግናለሁ እያለች ታለቅሳለች። እኔ የማደርገው ግን ያኔ ያልፈጸምኩትን መሐላ መፈጸም ነው። ደብዳቤ እፈራለሁ ብዬ ነው የጀመርኩት፤ ከደብዳቤ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር። በሩን ከፍቼ ስገባ፣ ፎጣውን ስፈታ፣ ወደ እኔ ዞራ ሳትጠይቀኝ የምትቀርበትን ቀን እፈራለሁ።

ውሃው ፈልቷል። ዱቄቱን ልጨምር።